ሕፃናትን ያለ ዱላ በሥርዓት ማሳደግ

ከምንረዳቸው መዋዕለ ሕፃናት አንዱን በጎበኘንበት ጊዜ ከአንዲት መምህርት ጋር ያደረግነው አጭር ንግግር ከልባችን አልወጣ ብሎ ቆይቷል። ክፍሉ በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የሚገኝ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ በሰሌን የተሸፈነ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሚሆናቸው ሃምሳ ያህል ልጆች ተቀምጠውበታል፤ መምህርቷ ግን አንድ ብቻ ናት። በመስኮቱ ደፍ ላይ ክንድ የሚያህል የወይራ ዱላ ተጋድሟል። ስለ ዱላው ብንጠይቃት፣ «እኔ እንኳ ብዙም አልመታበትም፤ ነገር ግን ልጆቹ ካላዩት አይሰሙኝም። እናንተስ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?» አለችን።

የምንመልሰው አጣን። ለማዕከሎቻችን በላክነው መመሪያ ላይ «በክፍል ውስጥ ሥርዓት ይጠበቅ» ብለን ጽፈናል፤ እንዴት እንደሚጠበቅ ግን አንድ መስመር እንኳ አላስቀመጥንም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለዚያች መምህርት ዘግይቶ የደረሰ መልሳችን ነው። ለማዕከሎቻችን ሠራተኞች፣ ልጆቻቸውን ለሚልኩ ወላጆችና ሥራውን ለሚደግፉ ምእመናን ሁሉ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ቅጣትና ተግሣጽ አንድ አይደሉም

ብዙዎቻችን «ተግሣጽ» ሲባል ወዲያው ቅጣት ይታየናል። ነገር ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ቅጣት የሚመለከተው ያለፈውን ጥፋት ነው፤ ልጁ ላደረገው ነገር ዋጋ እንዲከፍል ይፈልጋል። ተግሣጽ ግን ወደፊት ይመለከታል፤ ልጁ ነገ ምን ማድረግ እንዳለበት ያስተምራል። በቁንጥጫ የተቀጣ ልጅ ምን እንዳያደርግ ይሰማ ይሆናል፤ በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አልተነገረውም። ከሁሉ ይልቅ የሚማረው መምህርት ስታይ መጠንቀቅን፣ ሳታይ መደበቅን ነው።

የሕፃኑን ዐቅም እንወቅ

በአራት ዓመት ልጅ ላይ ጥፋት ብለን የምንቆጥረው ብዙው ነገር ዕድሜው የሚያመጣው ነው። ስሜትን የሚገታውና አስቀድሞ የሚያስበው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው ሰው ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። ስለዚህ የሦስት ዓመት ሕፃን የጓደኛውን መጫወቻ ሲቀማ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ «ተራዬን ልጠብቅ» የሚለው ዐቅም ገና አልበረታም። የአራት ዓመት ልጅም አርባ ደቂቃ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይችልም። የማይችለውን አላደረግህም ብለን ብንመታው፣ መራመድ ያልጀመረውን ሕፃን ለምን አልሮጥህም ብሎ እንደ መምታት ይሆናል።

ዱላ ምን ያደርጋል?

በ2016 እ.ኤ.አ. ኤልዛቤት ገርሾፍና አንድሩ ግሮጋን-ኬይለር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ከ160,000 በላይ ልጆችን ያካተቱ 75 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ጥናቶቹ በተለይ የተመለከቱት ወላጆች ልጆቻቸውን በእጅ ስለ መምታታቸው ነው። በእጅ መምታት እንኳ ከተሻለ ጠባይ ጋር ተያይዞ አልተገኘም። የተያያዘው ከጠበኝነት፣ ከመንፈስ ጭንቀትና ከወላጅና ልጅ መራራቅ ጋር ነበር።

በሀገራችንም ሕጉ ግልጽ ነው። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶችን ስምምነት በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36፣ ሕፃናት በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋሞች ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የእኛ ማዕከሎችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። በዱላም ሆነ በቁንጥጫ መምታት፣ በጠጠር ላይ ማንበርከክ፣ በርበሬ ማጠን፣ በጓደኞቹ ፊት ማዋረድ በሥራችን ውስጥ ቦታ ሊኖራቸው አይገባም።

በአካል ላይ የማይታይ ዱላም አለ። «ጅብ ይበላሃል»፣ «ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል»፣ «እግዚአብሔር ይጠላሃል» እያልን ሕፃናትን ዝም እናሰኛለን። በሐኪም የተፈራራ ሕፃን በክትባት ቀን ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ ይጮኻል። በእግዚአብሔር ስም የተፈራራው ደግሞ የሚወደውን አምላክ እንደ ጅብ መፍራት ይማራል። ይህን ለምእመናን ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለንም።

በክፍል ውስጥ ምን እናድርግ?

1ኛ/ ከልጁ በፊት ክፍሉን እንመልከት። ብዙ ጠብ የሚነሣው ከቦታና ከዕቃ ማነስ ነው። ለሃምሳ ልጅ አንድ ኳስ ከተሰጠ ጠብ መነሣቱ አይቀርም። የጠርሙስ ክዳን፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ የታጠበ ጣሳ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ብዙ እጆችን ግን ሥራ ያስይዛል። ልጆቹን በአምስት በአምስት ከፍሎ በየማዕዘኑ ማስቀመጥ፣ ረዥም ሰልፍን ማስቀረት፣ ከመቀመጥ በኋላ መዝሙርና እንቅስቃሴን ማስከተል ይረዳል። ጠዋት ቁርስ ሳይቀምስ የመጣ ልጅ እንደሚነጫነጭም አንርሳ። እንዲህ ያለውን ልጅ ከመቆጣት ይልቅ አንድ ቁራሽ ዳቦ ይመልሰዋል።

2ኛ/ የምንፈልገውን እንናገር። «አትሩጥ» የተባለ ሕፃን የሚሰማው «ሩጥ» የሚለውን ነው። «ቀስ ብለህ ተራመድ» ስንለው ግን እግሩ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። የክፍሉ ደንብ ከሦስት አይብለጥ፤ ለምሳሌ «እርስ በርሳችን አንጎዳዳም፤ ዕቃችንን እንጠብቃለን፤ ሌላው ሲናገር እንሰማለን»። ይህም በየጠዋቱ በዜማ ቢባል ሕፃናት ቶሎ ይይዙታል።

3ኛ/ መልካሙን አይተን እንጥራው። ብዙ ጊዜ የምንጠራው የሚያጠፋውን ልጅ ስም ብቻ ነው። ስለዚህ መጠራት የፈለገ ልጅ ያጠፋል። «ጎበዝ» ብሎ ማለፍም አይበቃም፤ «ለጓደኛህ ቦታ ለቀቅህለት፤ እርሱም ደስ አለው» ብንል ያደረገው ነገር ምን ዓይነት ፍሬ እንዳመጣ ይገባዋል።

4ኛ/ ምርጫ እንስጥ። «ና ተቀመጥ!» ብለን ከመጎተት፣ «እዚህ ከእኔ አጠገብ ትቀመጣለህ ወይስ ከእኅትህ አጠገብ?» ብንለው ልጁ ይቀመጣል፤ የመረጠውም ራሱ ነው።

5ኛ/ ጥፋቱ ራሱ ያስተምር። በቪየና ተወልዶ በአሜሪካ፣ በቺካጎ የሠራው የአእምሮ ሐኪም ሩዶልፍ ድራይከርስ፣ ልጅ ከድርጊቱ ከሚከተለው ውጤት መማር እንደሚችል በስፋት አስተምሯል። ውሃ ያፈሰሰ ልጅ ጨርቅ ተሰጥቶት ያድርቅ። ግንብ አድርጎ ጓደኛው የካበውን ያፈረሰ ልጅ አብሮት ይካብ። ይህ መንገድ በጎ የሚሆነው ከጥፋቱ ጋር የተያያዘ፣ ልጁን የማያዋርድና ለዕድሜው የሚመጥን ሲሆን ነው። ውሃ ስላፈሰሰ ምሳ መከልከል ግን ከጥፋቱ ጋር ስለማይገናኝ ቅጣት ብቻ ነው።

አንድ ልጅ ሌላውን ቢነክስስ?

ይህ በየማዕከሉ የሚገጥም ነገር ነው። አንዳንዶች «ሕመሙን እንዲያውቅ» ብለው ነካሹን መልሰው ይነክሳሉ። ልጁ ግን የሚማረው ትልልቅ ሰዎችም እንደሚናከሱ ነው። ይልቅስ አስቀድመን ወደ ተነከሰው እንሂድ፤ እናጥበው፤ እናባብለው። ቀጥሎ በነካሹ ቁመት ልክ ዝቅ ብለን፣ ዓይኑን እያየን፣ ሳንጮኽ፣ «መንከስ ያሳምማል። ስትናደድ ወደ እኔ ና፤ ወይም ‹የኔ ነው፣ መልስልኝ› በል» እንበለው። በባህላችን ወዲያው «ይቅርታ በለው፤ ተሳሳሙ» እናሰኛለን። እርቅ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን በቁጣ ላይ ያለ ሕፃን በግድ የሚሰጠው ስሞሽ ይቅርታን አያስተምረውም። ጥቂት ቆይቶ፣ ሲረጋጋ፣ «ጓደኛህን ምን እናድርግለት?» ብንለው ራሱ መንገዱን ያገኛል። ያን ጊዜ ተሳሳሙ ማለት ትርጕም ይኖረዋል።

ይህ ልቅነት ነውን?

«እንግዲያው ልጆቹ እንደ ልባቸው ይሁኑ?» የሚሉን አሉ። አይደለም። ዳያና ባውምሪንድ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ሦስት ዓይነት አስተዳደግን ለይታ ነበር፤ እነርሱም ጨካኝ፣ ልቅ፣ ፍቅርንና ጽናትን ያጣመረ ናቸው። መልካም ፍሬ ያየችው በሦስተኛው ነው። ወሰን የሌለው ልጅ ይቅበዘበዛል። ስለዚህ «አይሆንም» ያልነው ነገር ነገም አይሆንም፤ ነገር ግን «አይሆንም» ስንል ድምፃችን አይጮኽ፣ እጃችንም አይነሣ።

መጽሐፈ ምሳሌ ስለ በትር ይናገራል ብለው የሚጠይቁን ወገኖችም አሉ፤ ጥያቄያቸውንም እናከብራለን። በትር በእረኛ እጅ ያለ ዕቃ ነው፤ እረኛው አውሬ ያባርርበታል፤ ከመንገድ የወጣውን በግ ይመልስበታል። በመዝሙር 23 ላይም በትር የመጽናናት ምንጭ ሆኖ ቀርቧል። የኤፌሶን መልእክት ምዕራፍ 6 ደግሞ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ያዛል። የምንጠይቀው ይህን ነው፤ በእኛ ክፍል ውስጥ ያለው ዱላ ሕፃናቱን ያጽናናቸዋልን?

የወላጆችና የምእመናን ድርሻ

አንድ አባት ልጁን ሲያስመዘግብ «ከዓይኑ በስተቀር እንደ ፈለጋችሁ ቅጡት» ብሎናል። ይህን ያለው ልጁን ስለ ጠላ አልነበረም፤ እርሱም እንዲሁ ተመትቶ ስላደገ፣ ልጁም ሰው እንዲሆንለት ስለ ፈለገ ነበር። እንዲህ ያለውን አባት መውቀስ አይገባም፤ በክፍሉ ውስጥ አንድ ጠዋት አስቀምጦ ማሳየት ይበልጣል።

መምህርቷንም አንፍረድባት። ሃምሳ ሕፃናትን ለብቻዋ የያዘች ሴት ዱላ ብታነሣ፣ የመጀመሪያው ጥፋት የእርሷ ሳይሆን ብቻዋን የተውናት የእኛ ነው። ደጋፊዎቻችን ብዙ ጊዜ ለግንብና ለቆርቆሮ ይሰጣሉ፤ ስለዚህም እናመሰግናለን። ዛሬ የምንለምናችሁ ግን ለሁለተኛ ሰው ነው። በየአጥቢያው በሳምንት ሁለት ጠዋት መጥተው ረዳት የሚሆኑ እናቶችና ወጣቶች ቢገኙ፣ ዱላው የሚሠራውን ሥራ ይተኩታል። የፕሮጀክት ሠራተኞችም በየሪፖርታችሁ የልጆችን ቍጥር ስትጽፉ፣ በአንድ መምህርት ስንት ልጅ እንደሚደርስና ሥርዓት በምን እንደሚጠበቅ አብራችሁ ጻፉልን። መመሪያችንንም በዚሁ መሠረት እያረምን ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ወደዚያ ክፍል ተመልሰን ነበር። አንዲት ረዳት ተጨምራለች። ዱላው ከመስኮቱ ወርዶ ፊደል መጠቆሚያ ሆኗል። መምህርቷ «ሀ»ን ለመጠቆም ከፍ ስታደርገው ግን ከፊት የተቀመጡት ሁለት ልጆች ዓይናቸውን ጨፈኑ። እርሷም አየች፤ ዱላውን አስቀመጠችና በጣቷ ትጠቁም ጀመር። ፍርሃት በአንድ ቀን አይለቅም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ወንድሞችና እኅቶች፣ በዚህ ትዕግሥት ከእነርሱ ጋር እንድትቆሙ እንለምናችኋለን።