የፅንስ አንጎል በአልትራሳውንድ የሚታየው መቼ ነው? ምንስ ይታይበታል?

ከጅማ መንገድ የሚመጡ ተሽከርካሪዎች ወደ አዲስ አበባ የሚገቡበት አየር ጤና የሚገኘው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ነው። በዚህ አካባቢም ሆነ በቤቴልና በዘነበወርቅ ጎዳናዎች “አልትራሳውንድ” የሚል ጽሑፍ የለጠፉ ክሊኒኮችን ማየት የተለመደ ነው። ወደ ክሊኒኮቹ የሚገቡ ነፍሰ ጡሮች አዘውትረው የሚጠይቁት ፅንሱ ወንድ ይሁን ሴት፣ ልቡ ይምታ አይምታ፣ ጭንቅላቱ ወደ ታች ይዙር አይዙር ነው። “አንጎሉ በአግባቡ ተፈጥሯል ወይ?” ብላ የምትጠይቅ እናት ግን ጥቂት ናት። ሆኖም መሣሪያው በትክክለኛው ጊዜና በሠለጠነ ባለሙያ እጅ ሲውል ይህንንም ይመልሳል።

አልትራሳውንድ ጨረር አይጠቀምም። የሰው ጆሮ የማይሰማው የድምፅ ሞገድ ወደ ማሕፀን ተልኮ የሚመለሰው ገደል ማሚቶ በምስል ይቀረጻል። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ኢያን ዶናልድ ለጽንስና ማሕፀን ሕክምና ያለውን ጥቅም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር። በ1972 ደግሞ የብሪታንያው ሐኪም ስቱዋርት ካምቤል የራስ ቅሉና አብዛኛው አንጎሉ ያልተፈጠረን ፅንስ በዚሁ መሣሪያ ለይቷል።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። በጤና ጣቢያዎች ሥልጠና የወሰዱ አዋላጆች በአነስተኛ አልትራሳውንድ የሚያደርጉት ምርመራ የፅንሱን ቁጥር፣ የልብ ምቱን፣ የእንግዴ ልጁን ቦታና የፅንሱን አቀማመጥ ለማወቅ ነው። ይህ ብቻውን የብዙ እናቶችን ሕይወት ያተርፋል። የአንጎልን አፈጣጠር መመርመር ግን የዚህ ምርመራ ዓላማ አይደለም። ሦስት ጊዜ አልትራሳውንድ የታየች እናት የፅንሷ አንጎል አንድም ጊዜ ሳይመረመር ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ “ደህና ነው” የሚል መልስ ያገኘች ሁሉ የትኛው ክፍል ታይቶ ደህና እንደተባለ ብትጠይቅ ተገቢ ነው። ጥርጣሬ ሲኖር የሚጻፈው ሪፈር የእናትና ፅንስ ሕክምና ባለሙያዎችን ወደሚያሠለጥኑ እንደ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ ወዳሉ ተቋማት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትታይ ይመክራል። የአካል አፈጣጠርን በዝርዝር ለማየት የሚመረጠው ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ነው። የእኛ ዘመን አቆጣጠር ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ቀን በመሆኑ ለዚህ ስሌት ይመቻል። የመጨረሻ የወር አበባዋ በመስቀል ዕለት፣ መስከረም 17 የጀመረ እናት 18ኛ ሳምንቷን የምትሞላው ጥር 23 ሲሆን፣ 22ኛውን የምትሞላው የካቲት 21 ነው። የራስ ቅል አለመፈጠርን የመሰለ ከባድ ችግር ግን ከሦስተኛው ወር መጨረሻ ጀምሮ ሊታይ ይችላል።

ሐኪሙ በዚህ ጊዜ የራስ ቅሉን ቅርጽ፣ የአንጎሉን ግራና ቀኝ ክፍሎች፣ በመካከላቸው ያሉትን የፈሳሽ ጎድጓዶችና ከኋላ ያለውን ትንሹን አንጎል ይመለከታል። የጎድጓዶቹ ስፋት ከ10 ሚሊ ሜትር በታች መሆን አለበት። ከ15 ሚሊ ሜትር ከበለጠ የከፋ የፈሳሽ መጠራቀም ነው። ከ10 እስከ 12 ባለው መጠን ብቻ ሰፍቶ ሌላ ችግር ያልተገኘበት ፅንስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ይወለዳል። ስለዚህ አንድ ልኬት ሰምቶ መደናገጥ አይገባም፤ ምርመራው ይደገማል፣ ሲያስፈልግም ኤም አር አይ ይታዘዛል።

የጀርባ አጥንት ክፍተት፣ ማለትም ስፓይና ቢፊዳ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጠረጠረው በጭንቅላት በኩል ነው። በክፍተቱ ፈሳሽ ስለሚያፈስ የኋለኛው አንጎል ወደ አንገት ይሳባል፤ ትንሹ አንጎልም እንደ ሙዝ ይታጠፋል። የግንባሩ አጥንት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ራስ ቅሉ ሎሚ ይመስላል። (የእኛ ሎሚ ክብ ነው፤ ሐኪሞቹ የሚሉት ጫፉ ሾጠጥ ያለውን ትልቁን ሎሚ ነው።)

ችግሩ አስቀድሞ መታወቁ ምን ይለውጣል? ለገጠር እናት መልሱ ግልጽ ነው። ጭንቅላቱ በፈሳሽ የተለጠጠ ፅንስ በማሕፀን በር ማለፍ ሊያቅተው ይችላል። ይህ ሳይታወቅ ቤት ውስጥ ምጥ ከተጀመረ የእናትየዋም ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል። ቀድሞ ከታወቀ ግን ቀዶ ሕክምና ባለበት ሆስፒታል ትወልዳለች። በጀርባው ክፍተት ያለበት ሕፃን በተወለደ በሁለትና በሦስት ቀናት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ቢያገኝ ከኢንፌክሽን የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። በአዲስ አበባ ይህን መሰል ቀዶ ሕክምና ከሚሰጡት መካከል ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ይገኛል። ፅንሱ የማይድንና ከባድ የአፈጣጠር ጉድለት ያለበት ከሆነ ደግሞ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 እርግዝናው በሕክምና እንዲቋረጥ ይፈቅዳል። ውሳኔው የእናትየዋ ነው። የሐኪሙ ድርሻ ያየውን በምትረዳው ቋንቋ ማስረዳት ነው።

ጉዳዩ ለአገራችን ቀላል አይደለም። በትግራይ ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከ10 ሺህ ወሊዶች 131 ያህሉ የነርቭ ዘንግ ክፍተት እንደነበረባቸው አሳይቷል። አርሶ አደር እንደሚያውቀው፣ በቡቃያው ላይ የሚታየው ጉዳት ብዙ ጊዜ ዘሩ አፈር ውስጥ ሳለ የደረሰ ነው። የፅንስ የነርቭ ዘንግ የሚዘጋውም በተፀነሰ በ28 ቀናት ውስጥ ነው። በመስቀሉ ስሌት ይህ ከጥቅምት 29 በፊት ነው፤ ያን ጊዜ እናትየዋ የወር አበባዋ መቅረቱን ካስተዋለች ገና ሁለት ሳምንት ገደማ ሆኗታል። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመሩት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአራተኛው ወር ጤና ጣቢያ ሄዳ የምትቀበለው የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል ለደሟ ይጠቅማታል፤ ለነርቭ ዘንጉ ግን ዘግይቷል።

በዚህ ምክንያት ነው ለመፀነስ የምታስብ ሴት ከእርግዝናው በፊት ጀምራ እስከ 12ኛው ሳምንት በየቀኑ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ እንድትወስድ የሚመከረው። ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ የዚህ ንጥረ ነገር ምንጮች ናቸው። ይሁን እንጂ ጎመኑ ለረጅም ሰዓት ተቀቅሎ ውኃው ከተደፋ አብዛኛው አብሮ ይፈሳል፤ ምግብ ብቻውንም እንክብሉን አይተካም። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በፋብሪካ የሚፈጨው የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ ወጥቷል። ይህ በኮልፌ ዳቦ ገዝቶ ለሚበላው ከተሜ ሊደርስ ይችላል። የገዛ ጤፉንና በቆሎውን በሰፈሩ ወፍጮ ቤት ለሚያስፈጨው አርሶ አደር ቤተሰብ ግን አይደርስም። በእኔ እይታ የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከሁሉ አስቀድሞ ሊያተኩርበት የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ሙሽሮች እንክብሉን ከእርግዝና በፊት የሚያገኙበት መንገድ ያስፈልጋል።

ከዚህ በፊት በዚህ ችግር የተጠቃ ልጅ ለወለደች እናት መጠኑ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናት በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ የችግሩን መደጋገም በ72 በመቶ እንደቀነሰ አረጋግጧል። ይህ ከተለመደው አሥር እጥፍ በመሆኑ የሚወሰደው በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ሲሆን፣ የሚጀመረውም ቀጣዩ እርግዝና ከመምጣቱ በፊት ነው።