ድንጋዩም ዛፉም ይመክራል፦ በኪላርኒ ሐይቅ ዳርቻ



ጉዞ ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ዘመድ ጥየቃ፣ ንግድ፣ ትምህርት ወይም የእንጀራ ፍለጋ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ግን በምድር ላይ ተዘዋውረን ከኛ በፊት የነበሩት ሕዝቦች ፍጻሜ ምን እንደሆነ እንድንመለከትና ፍጥረትን እንድናስተነትን በቁርኣኑ ደጋግሞ ያሳስበናል። እንዲህ ያለው ጉዞ ሩቅ አገር መሄድን ብቻ አይጠይቅም፤ የሚያስተውል ዓይንና የሚያዳምጥ ልብ ይጠይቃል። ለዛሬ ወጣቶቻችንንና ቤተሰቦቻችንን ይዘን የምንሄደው በአየርላንድ ደቡብ ምዕራብ፣ በኬሪ አውራጃ ወደምትገኘው የሐይቅ ዳር ከተማ ወደ ኪላርኒ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኛ መሆናቸውን ካልገለጽን በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኪላርኒ ትንሽ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ከ14,000 ብዙም አይበልጡም። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ሦስት ሐይቆች ተያይዘው ይገኛሉ፤ ትልቁ ሎክ ሌን፣ መካከለኛው መክሮስ፣ ሦስተኛው ደግሞ የላይኛው ሐይቅ ይባላሉ። ከሐይቆቹ ባሻገር የአየርላንድ ከፍተኛው ተራራ፣ 1,038 ሜትር የሆነው ካራንቱሂል፣ ከነሰንሰለቱ ተዘርግቷል። ለኛ አገር ሰው ይህ ከፍታ ብዙም አያስገርም ይሆናል፤ ተራራው ግን ከባሕር ወለል ብዙ ከማይርቅ መሬት ስለሚነሣ ግርማው ቀላል አይደለም። በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ እንግዳ የሚያመላልሱ የፈረስ ጋሪዎች ዛሬም አሉ። ባለጋሪዎቹ ሙያውን ከአባት ከአያት የተቀበሉ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰዎች ናቸው።

ከ4,000 ዓመት በፊት

ከከተማዋ ወደ ሐይቁ ስንወርድ መጀመሪያ የምናገኘው ሮስ ደሴት የሚባለውን ስፍራ ነው። ስሙ ደሴት ይሁን እንጂ ወደ ሐይቁ ገባ ያለ መሬት ነው። እዚህ ከክርስቶስ ልደት በፊት 2,400 ዓመት ገደማ ሰዎች መዳብ ያወጡ ነበር፤ በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ ከታወቁት የመዳብ ማዕድን ቁፋሮዎች ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ሠራተኞቹ የብረት መሣሪያ አልነበራቸውም። ዐለቱን በእሳት እያጋሉ በድንጋይ መዶሻ ይፈረካክሱት ነበር። እነዚያ የድንጋይ መዶሻዎች ከዘመናት በኋላ በቁፋሮ ተገኝተዋል። የሰዎቹን ስም ግን የሚያውቅ የለም፤ የቀረው የእጃቸው ሥራ ብቻ ነው።

በዚሁ መሬት ላይ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኦዶናሁ ጎሣ አለቆች ያሠሩት ሮስ ግንብ ቆሟል። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ ጠባብ፣ ደረጃው ጠመዝማዛ ነው፤ ሁሉም የታሰበው ጠላትን ለመከላከል ነው። የአካባቢው ሰዎች «ይህ ግንብ መርከብ በሐይቁ ላይ ካልመጣበት በቀር አይያዝም» የሚል የቆየ ንግርት ነበራቸው ይባላል። ሐይቁ በየብስ የተከበበ በመሆኑ ማንም ይህ ይሆናል ብሎ አልጠረጠረም። በ1652 ግን ሉድሎው የተባለው የክሮምዌል ጦር አዛዥ ጀልባዎች አስጭኖ አምጥቶ በሐይቁ ላይ አሳየ፤ ግንቡም እጁን ሰጠ። በሙንስተር ክፍለ አገር በመጨረሻ ከተያዙት ምሽጎች አንዱ ነበር። በግንብ ውፍረት መመካት የት ድረስ እንደሚያዘልቅ ልጆቻችን እዚህ ቆመው ቢሰሙት በቀላሉ አይረሱትም።

የዕውቀት ሐይቅ

ከሮስ ግንብ አጠገብ ጀልባ ተሳፍረን ወደ ኢኒስፎለን ደሴት መሻገር እንችላለን። በደሴቷ ላይ በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተመሠረተ የሚነገርለት የገዳም ፍርስራሽ አለ። መነኮሳቱ የአገሪቱን ታሪክ ከዓመት ዓመት እየመዘገቡ ያቆዩ ጸሐፊዎች ነበሩ። የኢኒስፎለን ዜና መዋዕል የሚባለው የብራና መጽሐፋቸው ዛሬ በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ፣ በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሎክ ሌን የሚለውን ስም «የዕውቀት ሐይቅ» ብለው የሚተረጉሙት የአካባቢው ሰዎችም ይህንኑ ታሪክ ያስታውሳሉ።

እምነታችን ከነዚያ መነኮሳት ይለያል። ነገር ግን በብርድና በጨለማ፣ በዝይ ላባና በብራና የተደከመበትን ሥራ ማክበር የዕውቀትን ዋጋ ለሚያውቅ ሁሉ ተገቢ ነው። ጣሪያቸው ፈርሷል፤ የጻፉት ግን አልጠፋም። በየቤታችን፣ በየመስጊዱና በየዛዊያው ሣጥን ውስጥ አቧራ የጠጡ የአያቶቻችንን ኪታቦች ላስታወሰ ሰው ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፦ እኛስ የትኛውን እያቆየን ነው?

በመክሮስ በኩል ደግሞ በ1448 የተመሠረተ ሌላ ገዳም አለ። ጣሪያው የለም፤ ግድግዳውና ማማው ቆሟል። በመካከሉ ባለው ግቢ ውስጥ ዪው የሚባል አንድ ትልቅ ዛፍ ከግድግዳዎቹ በላይ ቅርንጫፉን ዘርግቷል። ቅጠሉ ጠባብና ጥቁር አረንጓዴ ሲሆን የኛን ዝግባ ያስታውሳል። በዙሪያው መቃብሮች አሉና ስንገባ ድምፃችንን ዝቅ ማድረግ ይገባናል። መቃብር የማንም ይሁን የማን መጨረሻችንን ያስታውሳል።

ንግሥቲቱ ሁለት ሌሊት ያደረችበት ቤት

ከገዳሙ ብዙም ሳይርቅ በ1843 ተሠርቶ ያለቀው የመክሮስ ቤት ይገኛል። ያሠሩት ኸርበርት የተባሉ ባለርስቶች ናቸው። በ1861 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ወደዚህ መጣችና በቤቱ ሁለት ሌሊት አደረች። ባለቤቶቹ ለዚህ እንግድነት ከብዙ ጊዜ አስቀድመው ቤቱን ሲያሳምሩ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ሲለውጡ፣ ግቢውን ሲያስውቡ ከረሙ። ይህ ወጪ በኋላ ለደረሰባቸው የገንዘብ ችግር አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። በ1899 ርስቱ ከእጃቸው ወጥቶ ተሸጠ።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሪያው ይለያል። በ1911 አንድ የካሊፎርኒያ ባለወርቅ፣ ዊልያም ቦርን፣ ርስቱን ገዝተው ለልጃቸው ለሞድ የሠርግ ስጦታ አደረጉላት። ሞድ በ1929 አረፈች። ወላጆቿና ባለቤቷ አርተር ቪንሰንት ሐዘናቸውን በሐውልት ብቻ አልገለጹትም፤ በ1932 ቤቱንና ከ4,000 ሄክታር በላይ የሆነውን መሬት ለአየርላንድ ሕዝብ ሰጡ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ የተጀመረው በዚህ ስጦታ ነው። ዛሬ ከ10,000 ሄክታር በላይ ሆኗል፤ በ1981 ደግሞ ዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ብሎ መዝግቦታል።

ለታይታ የወጣው ገንዘብ ባለቤቱን አስቸገረ፤ ለሕዝብ የተሰጠው ግን ሰጪዎቹ ካለፉ በኋላም ድሃውንም ሀብታሙንም በእኩል ያስተናግዳል። ወቅፍ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀን ልጅ ከዚህ የቀረበ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ለሠርግና ለድግስ ሲሉ ዕዳ ውስጥ ለሚገቡ ወገኖቻችንም ምክር አለው።

በእግር ስንጓዝ

ከመክሮስ ቤት ተነሥተን በመክሮስ ሐይቅ ዙሪያ የሚወስደውን 10 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ብንይዝ ግማሽ ቀን ይበቃናል። መንገዱ በሬናዲና በኩል፣ በዪው ዛፎች ደን ውስጥ ያልፋል። ዪው ብቻውን ደን ሆኖ የሚገኝበት ቦታ በአውሮፓ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። ዛፎቹ አፈር በሌለው የኖራ ድንጋይ ላይ ሥራቸውን እንደ ጣት አጣብቀው ቆመዋል። ትንሽ ራቅ ብሎ 20 ሜትር ያህል የሚወርደው የቶርክ ፏፏቴ አለ፤ ዝናብ ከጣለ በኋላ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ዕድል ከቀናንም ቀይ አጋዘኖችን እናያለን። በ1970 ቁጥራቸው ከ100 በታች ደርሶ የነበረ ሲሆን በጥበቃ እንደገና በርክተዋል። ከአገሩ ጠፍቶ የነበረው ነጭ ጭራ ንስርም ከ2007 እስከ 2011 ድረስ 100 ጫጩቶች ከኖርዌይ መጥተው በዚሁ ፓርክ ተለቀዋል።

ይህ ውበት ግን ያለ ሥጋት አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለርስቶች ለአበባው ብለው ያስመጡት ሮዶደንድሮን የተባለ ቁጥቋጦ ደኑን ወርሮታል። አበባው ሐምራዊና ያማረ ነው፤ ከሥሩ ግን ብርሃን ስለማይገባ የባሉጥ ዛፍ ችግኝ አይበቅልም። ሽማግሌ ዛፎች ቆመው ይታያሉ፤ ተተኪ ልጆች ግን የላቸውም። ለውበቱ ተብሎ የገባ ነገር ትውልድ ሲያመክን ማየት ለወላጅ ሁሉ የሚያሳስብ ነው። በሚያዝያ 2021 ደግሞ ከ2,000 ሄክታር በላይ የሆነ የፓርኩ መሬት በእሳት ጋየ። ሠራተኞችና በጎ ፈቃደኞች ቁጥቋጦውን እየነቀሉ ደኑን ለማዳን ዛሬም ይደክማሉ።

የድንቹ ዘመን

የአየርላንድ ምድር አረንጓዴ ነው፤ ዝናብም አይጎድለውም። ሆኖም ከ1845 ጀምሮ ድሃው ገበሬ የሚኖርበት ድንች በበሽታ ተመትቶ መሬት ውስጥ በሰበሰ። ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በረሃብና በበሽታ አለቀ፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሰደደ። የሚያሳዝነው በዚያው ጊዜ እህልና ከብት ከአገሪቱ እየተጫነ ይወጣ ነበር። ኬሪም ክፉኛ ከተጎዱት አውራጃዎች አንዷ ናት።

በዚያ ጭንቅ ጊዜ፣ በ1847፣ የዑስማንያ ሱልጣን አብዱልመጂድ 1,000 ፓውንድ ላኩ። ከዚያ በላይ ሊሰጡ አስበው ስጦታቸው ከእንግሊዟ ንግሥት እንዳይበልጥ ተብሎ እንደተቀነሰ ይወራል። የአየርላንድ ታላላቅ ሰዎች ፈርመው የላኩት የምስጋና ደብዳቤ በቱርክ መዛግብት ውስጥ ተጠብቋል። የተራበ ሰው ሃይማኖቱ ሳይጠየቅ መረዳቱን ታሪክ አልረሳውም።

ታሪኩ እኛንም ይነካል። በ1977 ዓ.ም. በወሎ፣ በትግራይና በሌሎችም ክፍሎች ሕዝባችን ሲረግፍ የዓለምን ኪስ ካስፈቱት አንዱ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ነበር። የአየርላንድ ሕዝብም ከአቅሙ በላይ ሰጠ። ረሃብን የሚያውቅ ሕዝብ የተራበን አይረሳም።

ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ

በአውሮፓ የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች ወደ ኪላርኒ ብትሄዱ ጥቂት ነገር አስቡ። ዝናቡ ቀጠሮ ስለሌለው የዝናብ ልብስና የማያንሸራትት ጫማ ያዙ። በሰኔ መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ በመሆኑ መግሪብና ዒሻእ እጅግ ይዘገያሉ፤ ሕፃናት ካሉ ዕረፍታቸውን በዚሁ መሠረት አዘጋጁ። ቂብላው ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነበለ ነው። መንገደኛ ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ወደ ሁለት ማሳጠር እንደተፈቀደለት አትርሱ፤ ንጹሕ ሣር ባለበት አገር ለሶላት የሚሆን ቦታ አይጠፋም። ስንቃችሁን ከቤት ብትቋጥሩ ስለ ሐላሉ አትጨነቁም። ቆሻሻችሁን ግን ይዛችሁ ተመለሱ፤ ከመንገድ ላይ አስቸጋሪ ነገርን ማስወገድ ከእምነት ነውና።

ወደዚያ መሄድ ለማይችለው አንባቢያችን ደግሞ የምንለው ይህ ነው። በየአካባቢያችሁ ያረጀ መስጊድ፣ የተረሳ መቃብር፣ የቀረ ደን፣ ታሪክ የሚያውቁ አዛውንት አይጠፉም። በመጪው የዕረፍት ቀን ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ዛፉን በስሙ ጥሩላቸው፤ ግንቡን ማን እንደሠራው ጠይቁላቸው። አላህ (ሱ.ወ) ከሚያዩት ከሚያስተውሉ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።