የባምቡሪ ካባ፦ ከጉማሬው ጀርባ ያለው ወሬ

ሞምባሳ ደርሶ የመጣ ሰው ስልኩ ውስጥ አንድ ፎቶ አይጠፋም፤ ቀጭኔ ከመዳፉ ላይ ስትበላ። ፎቶው የተነሣው ከከተማዋ በስተሰሜን፣ ወደ ማሊንዲ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ሃለር ፓርክ ነው። ስለ ቦታው ጠይቁት፤ ስለ ጉማሬውና ስለ ዔሊው አውርቶ አይጠግብም። ስለ ሲሚንቶ ግን ትንፍሽ አይልም። እኔ ደግሞ እንጀራዬን የምበላው ከሲሚንቶ ድንጋይ ካባ ነው፤ እንዲህ ያለ ጫካ ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ቅጠሉ ሳይሆን ወደ መሬቱ ነው። እስቲ ጠጋ በሉ፤ በሙያው ውስጥ ያለነው ሰዎች እርስ በርስ የምናወራውን ላውጋችሁ። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉማሬውን ቶሎ እንለፈው። በ2004 መጨረሻ የሕንድ ውቅያኖስ ሱናሚ የመጣ ጊዜ፣ ማሊንዲ አካባቢ ባሕር ላይ ብቻውን የቀረ ግልገል ጉማሬ ተይዞ እዚህ መጣ። ኦወን አሉት። ዕድሜው 130 ዓመት ገደማ ይሆናል ከተባለ ምዜ ከሚሉት ግዙፍ ዔሊ ጋር ተጣበቀ፤ አብሮት በላ፣ አብሮት ተኛ። ዓለም ጉድ አለ፤ መጽሐፍ ተጻፈላቸው። ደስ ይላል። ነገር ግን ኦወን ሲመጣ ጫካው ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር። የእኛ ወሬ ኦወን የተኛበት ጥላ ከየት መጣ የሚለው ነው።

ፓርኩ ባለበት ባምቡሪ ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካው ማምረት የጀመረው በ1954 ነው። ጥሬ ዕቃው እዚያው ከእግሩ ሥር ነበር፦ ጥንት በባሕር ውስጥ ተሠርቶ፣ ውሃው ሲሸሽ በየብስ የቀረ የኮራል የኖራ ድንጋይ። ቁፋሮው እስከ ታች ይወርድና ጨዋማው የከርሰ ምድር ውሃ ብቅ ሊል ጥቂት ሲቀረው ይቆማል። ድንጋዩ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ የቀረውን አስቡት። አንድ እፍኝ አፈር የሌለው፣ ነጭ፣ ጠፍጣፋ፣ ፀሐይዋን መልሶ ፊት ላይ የሚረጭ ሜዳ፤ ከሥሩ ጨው። ካባ ውስጥ የሠራ ሰው የእንዲህ ዓይነቱን ቦታ ዕጣ ያውቃል። ወይ ታጥሮ ይረሳል፣ ወይ ቆሻሻ ይደፋበታል፣ ወይ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ እየቋጠረ የሰፈር ልጆች ይሰጥሙበታል።

ሬኔ ሃለር የሚባለው የስዊስ ተወላጅ የግብርና ባለሙያ ድርጅቱ ውስጥ የገባው በ1959 ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ካባውን ማልማት ሲጀምር፣ ሜዳውን በሙሉ አፈር ላልብሰው አላለም። ያንን ያህል አፈር ለማምጣት ሌላ ቦታ መግፈፍ አለብሃ! ይልቅ ድንጋዩ ራሱ ማንን እንደሚቀበል ለማየት 26 ዓይነት ዛፎች ሞከረ። ሦስቱ ተረፉ፦ ኮኮናት፣ ከሶማሌ ምድር የመጣው ዳማስ የሚባለው ዛፍ፣ እና ሸውሸዌ።

የአደባባዩ ወሬ ሦስቱ ተረፉ ብሎ ያጨበጭባል። እኛን የሚያስቀናን ግን የሞቱት ሃያ ሦስቱ መቆጠራቸው ነው። እዚህ እኛ ጋ የተከላ ዕለት ቲሸርት ይለበሳል፣ ችግኝ ይቆጠራል፣ ካሜራ ይመጣል፤ በዓመቱ የደረቀውን ለሚቆጥር ሰው ግን ቲሸርት አይታተምም።

ሸውሸዌን ታውቁታላችሁ፤ ከሩቅ ጥድ የሚመስለው ነው። ከክሮቹ አንዷን ይዛችሁ ጎተት ብታደርጓት ጠቅ ብላ በመገጣጠሚያዋ ትለቃለች። ቅጠል የመሰለን ነገር እንዲያው ቀጭን ቅርንጫፍ ኖሯል፤ እውነተኛዎቹ ቅጠሎች በየመገጣጠሚያው ዙሪያ የተደረደሩት ዓይን የማይሞሉ ቅርፊቶች ናቸው። ዛፉ እንዲህ ሆኖ በመፈጠሩ ውሃ አያባክንም፤ ጨውም ይችላል። ሥሩ ላይ ደግሞ ፍራንኪያ የሚባል ባክቴሪያ ጉብጉብ ሠርቶ ይኖርና ከአየር ላይ ናይትሮጅን እየወሰደ ይቀልበዋል። ማዳበሪያውን ይዞ የሚመጣ ዛፍ በሉት።

አደገ፤ ካባውም አረንጓዴ ሆነ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የረገፈው ክር አልበሰብስ አለ። ታኒን ስለሚበዛበት የሚደፍረው ነፍሳት የለም፤ ደርቆ፣ ተከምሮ፣ ድንጋዩ ላይ ቀረ። ቀና ብለው ሲያዩት ጫካ፣ ወደ እግር ሲያዩ ያው ካባ። ልንገራችሁ፣ አብዛኛው ፕሮጀክት እዚህ ላይ ሲደርስ ነው ሪባን ቆርጦ ሪፖርቱን የሚያስገባው፤ ከላይ የተነሣ ፎቶ ላይ ሁሉም ነገር ያማረ ነዋ።

ሃለርን ከዚህ ያወጣው ሺህ እግር ነው። በዚያ ባሕር ዳርቻ የሚገኝ፣ ሰውነቱ ጥቁር፣ እግሮቹ ደማቅ ቀይ፣ ከጣት የሚረዝም ዓይነት አለ። ሲነኩት ጥቅልል ይላል፤ ብዙ ካጉላሉት ደግሞ ቶሎ የማይለቅ ቀለም እጅ ላይ ትቶ ይሄዳል። ይህ ፍጥረት ሌላው የናቀውን የሸውሸዌ ክር ሲበላ ታየ። ወዲያው በመቶዎች እየተሰበሰበ ካባው ውስጥ ተለቀቀ። እሱ እየበላ ይጥላል፤ የጣለውን ባክቴሪያዎች ይረከባሉ፤ ድንጋዩ ላይም ጥቁር አፈር መያዝ ጀመረ። እኔ ይህን ታሪክ በነገርኩ ቁጥር የሙያ ባልደረቦቼ የሚያነሡት ቀልድ አንድ ነው፦ የበጀት ሠንጠረዥ ላይ «ሺህ እግር፣ በመቶዎች» የሚል መስመር ጽፈህ ፋይናንስ ክፍል ላክና የሚሉህን ስማ።

አሁን ደግሞ ጮክ ተብሎ የማይነገረው። ሸውሸዌው የተተከለው ሊቆረጥ ነው። ግንብ ሲያልቅ የሚነሣ ርብራብ ነበር። ጥላ ሰጠ፣ ነፋስ ከለከለ፣ አፈር ሠራ፤ ከዚያ እየሳሳ በሥሩ የአገሩ ዛፎች እንዲገቡ ቦታ ለቀቀ። ግንዱም ሜዳ ላይ አልቀረም፤ ቀጥ ያለ አጣና ስለሚወጣው ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ገበያ አገኘ። ዛፍ ሲቆረጥ አይቶ የሚደነግጥ ጎብኚ አይጠፋም። መደንገጥ የሚገባው ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የቆመበትን ካባ ሲያይ ነው።

እንስሳቱም ለጌጥ ብቻ አልመጡም። ኢላንድና ኦሪክስ ሣሩን ይግጣሉ፤ ፍጋቸው አፈሩን ይመግባል። ኩሬዎቹ ውስጥ ቆሮሶ ረብቷል፤ አዞም እንዲሁ። ነገሩ ሁሉ ከአንዱ የተረፈው ሌላውን እንዲቀልብ ተደርጎ የተያያዘ ነው፤ ሽያጩም የጥበቃውን ወጪ እንዲያግዝ ታስቦ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሃለርን በ1987 ግሎባል 500 በሚባለው የክብር መዝገቡ ላይ አሰፈረው። በ2004 የተቋቋመው ሃለር ፋውንዴሽን ደግሞ ከካባው አጥር ወጥቶ በሞምባሳ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ጋር ውሃ በማቆርና በትንሽ ማሳ አያያዝ ላይ ይሠራል።

ይህን ሁሉ ስላችሁ ተአምር ልሸጥላችሁ አይደለም። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት የነበረው መሬት አልተመለሰም፤ መሬቱ ራሱ በሜትሮች ወርዶ የት ይመለሳል? ሸውሸዌ መሠረቱ እስያና አውስትራሊያ ነው፤ የምዜ ዘመዶችም አገራቸው የሲሼልስ ደሴቶች ናቸው። እዚያ የቆመው የሰው እጅ የሠራው አዲስ ነገር ነው፤ እጁ ከተነሣ ደግሞ ምን እንደሚሆን በእርግጠኝነት የሚነግራችሁ ባለሙያ ካለ እሱን አትመኑት።

ወደ ቤታችን ስንመጣ ሕጉ አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ባለፈቃዱ የጎዳውን መሬት እንዲያገግም የሚያደርግበትን ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። ከአዲስ አበባ በወጣችሁበት መንገድ ሁሉ ግን አፉን የከፈተ ካባ ታያላችሁ። ሰበቡ ገንዘብ ነው ይባላል፤ በእኔ እይታ የበለጠው ሰበብ ጊዜ ነው። እኛ ዘንድ ዕቅዱ «ካባው ሲዘጋ ልማቱ ይጀመራል» ይላል። ካባው ሲዘጋ ዶዘሩ ይሄዳል፣ የውሃ ቦቴው ይሄዳል፣ ደመወዝ የሚፈርመው ሰው ይዛወራል፤ የሚቀረው ዘበኛው ነው፤ እሱም ለጥቂት ወር። ባምቡሪ ላይ ፋብሪካው እያመረተ፣ ማሽኑ እያጓራ፣ በአንድ በኩል ድንጋይ ሲነሣ በሌላ በኩል ችግኝ ይገባ ነበር። ሥራውን የጀመረው ሰውም በሦስት ዓመት ኮንትራት መጥቶ የሄደ አልነበረም፤ የሞቱትን ዛፎች በዓይኑ ያየው ሰው አፈሩ ሲጠቁርም እዚያው ነበር።

በ2024 መጨረሻ ባምቡሪ ሲሚንቶ ከሆልሲም እጅ ወጥቶ ወደ ታንዛኒያው አምሶንስ ተዛውሯል። ጋዜጦቹ የአክሲዮኑን ዋጋ ሲያሰሉ፣ በእኛ መካከል የዞረው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ችግኝ ጣቢያው በየትኛው የሥራ ክፍል በጀት ሥር ሊገባ ነው? አጣናውም፣ ዓሣውም፣ የመግቢያ ትኬቱም ከፋብሪካው ጎን ሆነው ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ስለዚህ የሄዳችሁ እንደሆነ ቀጭኔዎቹን አብሉ፤ ፎቶአችሁን ተነሡ። ከዚያ አስጎብኚውን ለብቻው ጠጋ በሉትና ዘንድሮ የተተከለው የት እንደሆነ ጠይቁት። ሳያመነታ በጣቱ ካመለከታችሁ፣ አዲሶቹ ባለቤቶች ከፋብሪካው ጋር ምን እንደተረከቡ አውቀዋል ማለት ነው።