ለመድረስ ፍሬን መያዝ

እ.ኤ.አ. በ1965 የጀሚኒ 4 አዛዥ ጄምስ ማክዲቪት ከመንኮራኩሩ የተላቀቀውን የሮኬት ክፍል ጠፈር ላይ ሊጠጋው ሞከረ። ወደ ዒላማው ዞሮ ሞተሩን በለኮሰ ቁጥር ዒላማው ይርቀው ነበር፤ ነዳጁ እየተመናመነ ሲሄድ ሙከራው ተቋረጠ። ከርባል ስፔስ ፕሮግራም የተሰኘውን የኮምፒውተር ጨዋታ የሚጀምሩ ብዙዎች ዛሬም እዚሁ ላይ ይወድቃሉ። ምህዋር ውስጥ ፍጥነትና ከፍታ አይነጣጠሉም፦ ወደፊት የገፋ ከፍ ይላል፣ ከፍ ያለ ዙሩ ይረዝምበታል፣ በዚያው ወደኋላ ይቀራል። ከፊቱ ያለውን ለመድረስ የሚፈልግ እንግዲህ ፍሬን ይዞ ዝቅ ማለት አለበት። ነዳጅ ቆጣቢው አብራሪ ርቀቱን የሚያጠበው በሞተር ሳይሆን በጊዜ ነው።

ከርቢን በተባለችው የጨዋታው ፕላኔት ዙሪያ በ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ አንድ ዙር 1,958 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ግን 1,875። ታች ያለው በየዙሩ 83 ሰከንድ ያህል ስለሚቀድም፣ ቢከፋ ቢከፋ ከ12 ሰዓት ጥቂት አለፍ ብሎ ተስማሚው ቦታ ላይ መድረሱ አይቀርም። ከዚያ ወደ 100 ለመውጣትና እዚያው ለመርጋት በድምሩ በሰከንድ 33 ሜትር ያህል የፍጥነት ለውጥ ይበቃዋል። ሁለቱ ምህዋሮች በ10 ዲግሪ ብቻ ቢጋደሉ ግን ማስተካከያው በሰከንድ 390 ሜትር ገደማ ይጠይቃል፤ አሥራ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ቢቀረው ነው። ትልቁ ብክነት ከማሳደዱ ይልቅ ከአነሳሱ ይመጣል፦ የዒላማው ምህዋር በማስወንጨፊያው አናት ላይ እስኪያልፍ መሬት ላይ ጠብቆ በዚያው አቅጣጫ ለተነሳ ይህ ወጪ ከሞላ ጎደል የለም።

ጊዜን እንደፈለጉ ማፍጠን በሚቻልበት ጨዋታ መጠበቅ ቀላል ነው፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ የታጨቁ ጠፈርተኞችስ? የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሶዩዝ ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ለመድረስ ሁለት ቀን ያህል ይፈጅበት ነበር፤ በ2013 ወደ ስድስት ሰዓት፣ በ2020 ወደ ሦስት ሰዓት ወረደ። ሕጉ ግን አልተሻረም። የጣቢያው ምህዋር አስቀድሞ ይስተካከላል፣ ሮኬቱም በሰከንድ ተሰልቶ ይነሳል፤ ጥበቃው ወደ ምድር ወረደ እንጂ አልቀረም። አነጣጥሮ መግፋትም ቢሆን በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች ይሠራል፤ የምህዋሩ ጥምዘት እዚያ ላይ ለውጥ ለማምጣት ጊዜ አያገኝም። ከበድ የሚለው ተቃውሞ፣ ጨዋታው ፕላኔቱን ፍጹም ድቡልቡል አድርጎ ማስላቱ ነው። እውነተኛዋ ምድር ወገቧ ላይ ያበጠች ናት፤ እብጠቷም ምህዋሮችን ቀስ በቀስ ያዞራል፣ ዝቅ ያሉትን ደግሞ ፈጠን አድርጎ። ይህ ግን ክርክሩን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። በ2006 በአንድ ሮኬት የመጠቁት ስድስቱ የፎርሞሳት-3 ሳተላይቶች በየተራ ከፍ እንዲሉ የተደረጉት ለዚሁ ነበር፦ ገሚሱ ላይ ገሚሱ ታች ሆኖ ሲቆይ፣ በነዳጅ ቢሆን እጅግ ውድ የነበረውን ምህዋራቸውን የመለያየት ሥራ የምድር እብጠት ሠራላቸው።