ሲረገጥ የሚታፈን ሞተር

በጥቅምትና በኅዳር ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ከፊትዎ ቡና የጫነ አይሱዙ መኖሩ አይቀርም። ዳገቱን በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ከኋላው የተሰለፈው ባለ ኮሮላ መንገዱ ገለጥ ሲልለት ማርሽ ቀንሶ ነዳጅ ይረግጣል። የአይሱዙው ወገብ ላይ ሲደርስ ግን ሞተሩ እፍን ይላል፤ አይሄድም፣ አይጠፋም። በዚህች ቅጽበት ከፊት ሌላ መኪና ብቅ ካለ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። «ትንሽ ትንተፋተፋለች እንጂ ደህና ናት» እየተባለ ለወራት መነዳቱ መቅረት አለበት እላለሁ።

ደግሞም እነዚህ አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ስለዚህ ያችን አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ አውቆ መያዝ ይሻላል። ዋናው የማወቂያ ቦታ ካርቡሬተሩ ነው።

ሞተሩ የሚስበው አየር በካርቡሬተሩ ጠባብ ጉሮሮ ያልፋል። በጠበበው ቦታ የአየሩ ፍጥነት ይጨምራል፣ ግፊቱ ይወርዳል፤ ይህ የግፊት መውረድ ቤንዚኑን ጄት በሚባለው የተለካ ቀዳዳ በኩል መጥጦ ያወጣና ከአየሩ ጋር ያቀላቅለዋል። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ጉልበት ሲፈለግ ደግሞ አየሩ ወደ 13 ኪሎ ወርዶ ድብልቁ ወፈር ማለት አለበት። ጣጣው የሚመጣው በድንገት ሲረገጥ ነው። አየር ቀላል ስለሆነ ወዲያው ይገባል፤ ቤንዚን ግን ከባድ ነውና ወደኋላ ይቀራል። ይህን ክፍተት እንድትሞላ ካርቡሬተሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ፓምፕ ተሠርታለች፤ እግር ነዳጁን በተጫነ ቁጥር ቤንዚን ወደ ጉሮሮው ትረጫለች።

ጥሩ መካኒክ ኮፋኖ ከመክፈቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፦ የሚታፈነው መቼ ነው?

እግር እንደነካው ወዲያው ከሆነ መጀመሪያ የምትጠረጠረው ያችው ፓምፕ ናት። ምርመራው ገንዘብ አይጠይቅም። ሞተሩን አጥፍቶ የአየር ፊልትሮውን ማንሳት፣ ከዚያ የነዳጅ ሽቦውን በእጅ ስብ እያደረጉ ጉሮሮውን ከላይ ማየት ነው (ሲጋራ የያዘ ሰው አጠገብ አይቁም)። ሽቦው እንደተነካ ቀጥ ያለ፣ ያልተቆራረጠ የቤንዚን ክር ፊጭ ማለት አለበት። ጠብ ጠብ ካለ፣ ወይም ሽቦው ግማሽ መንገድ ከተሳበ በኋላ ከመጣ፣ የፓምፗ ጎማ ደርቋል አለዚያም ቀዳዳዋ ተደፍኗል። ብዙ ሰው ይህችን ሳያይ ሙሉ ካርቡሬተር ይገዛል፤ ያሳዝነኛል።

መጀመሪያ ደህና ሄዶ፣ ዳገት ላይ ተረግጦ ሲቆይ ከሆነ የሚደክመው፣ ነዳጅ አይደርሰውም ማለት ነው። በቡና ከተሞች ይህ በሽታ ይበዛል። ማደያ ነዳጅ ሲያጣ ቤንዚን በጀሪካንና በሃይላንድ ጠርሙስ ይሸጣል፤ ከጀሪካኑ ጋር ውኃና ዝቃጭም አብሮ ይገባል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ መጀመሪያ የሚመጠጠውም እሱ ነው። የነዳጅ ፊልትሮውን ፈትቶ በብርጭቆ መገልበጥ ነው፤ ከሥር ለብቻው የሚያብለጨልጭ ጠብታ ከታየ መልሱ ተገኘ። የታንከሩ ክዳን መተንፈሻም ይደፈናል። መኪናው ሲታፈን ቁሞ ክዳኑ ሲከፈት አየር እየሳበ ከጮኸ፣ ከዚያም ጉልበቱ ከተመለሰ፣ በደሉ የክዳኑ ነው። የነዳጅ ፓምፑ ሽፋን ሲቀደድም ምልክቱ ያው ነው። ብዙ የኮሮላ ካርቡሬተሮች ደግሞ ሁለት ጉሮሮ አላቸው። ሁለተኛው የሚከፈተው ጫና ሲበዛ ብቻ ነው፤ የሚከፍተው ሽፋን ከተቀደደ መኪናው ሜዳ ላይ ምንም አይታወቅበትም፣ ዳገት ላይ ግን ግማሽ ሞተር ይሆናል።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ እሳት ነው። ነዳጅ ሲረገጥ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር የካንዴላው እሳት ለመዝለል የበለጠ ኃይል ይፈልጋል። የደከመ ኮይል ወይም ያረጀ የካንዴላ ገመድ ቆሞ ሲሞቅ ደህና መስሎ፣ ሲጫን ይቆራርጣል። ማታ በጨለማ ሞተሩን አስነስቶ ገመዶቹን ማየት ነው፤ ሰማያዊ ብልጭታ በላያቸው ከሮጠ እሳቱ ወደ ሌላ እየፈሰሰ ነው። ካንዴላውም ራሱ ይናገራል። ጫፉ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው፤ ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቶበታል፣ ከነጣ አንሶታል።

ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ ግን ሞተሩን አትንኩት፤ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ማርሚታው የተደፈነ መኪናም ጉልበት ያጣል።

ካርቡሬተር የሌላቸውም ከዚህ አያመልጡም። የኮሮላ ዘመድ በሆነችው ስመ ጥር የስፖርት መኪና፣ በቶዮታ ኤኢ 86፣ ባለ 1.6 ሊትር ኢንጀክሽን ሞተር የፓምፗን ሥራ የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው፤ ሴንሰሩ ሲሳሳት ያው መታፈን ይመጣል። ሁለት ዌበር ካርቡሬተር በተገጠመላቸው አሮጌ አልፋ ሮሜዮዎች ደግሞ ፓምፑ በየካርቡሬተሩ ስላለ አንዱ ሲደክም ግማሹ ሲሊንደር ብቻ ይስላል።

ጅማ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፦ ከፍታው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። ለባሕር ጠለል የተለካ ጄት እዚህ ነዳጅ ያበዛል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሲረገጥም ይከብደዋል። በአቧራማው የለቀማ ወራት የአየር ፊልትሮው ቀይ አፈር ሲጠጣ ደግሞ ይብሳል፤ ስለዚህ ማንኛውም ብሎን ከመፈታቱ በፊት ፊልትሮውን ማየት ይቀድማል። ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ጥላሸቱ ካልጠፋ ጄቱን በአንድ ደረጃ ማሳነስ ይረዳል። ነገር ግን ይህ መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ 1,100 ሜትር ገደማ ወዳለው የጊቤ በረሃ ይወርዳል፤ እዚያ አየሩ ስለሚወፍር ነዳጁ ያንሰዋል፣ ሙቀቱም ይጨምርበታል። ጄት ያሳነሰ ሰው ከጊቤ ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ካንኳኳ ወዲያው እግሩን ያላላ፤ የተፈታው ጄትም ዳሽቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ፣ በኋላ ያስፈልጋል።