ውሃ የደበቀውን የገለጠ ፎቶግራፍ

ዘጋቢ ፎቶግራፍ የሚባለው በእርግጥ የተፈጸመን ነገር ለምስክርነት መዝግቦ የሚያቆይ ሥዕል ነው። ይሁን እንጂ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ለዓይን የሚታየውን ነው። ታዲያ በውሃ ውስጥ የተሟሟ መርዝ በፎቶግራፍ ሊታይ የሚችለው እንዴት ነው? በጃፓን አገር በሚናማታ ከተማ የሆነው ነገር ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል።

በሚናማታ የሚገኘው የቺሶ ኩባንያ ፋብሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1932 እስከ 1968 ዓ.ም. ባዜቃ፣ ማለትም ሜርኩሪ፣ የተቀላቀለበት ፍሳሽ ያስወግድ ነበር። መርዙ ከባሕሩ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣውም ወደ ተመጋቢው ሕዝብ ተሸጋገረ። የሰዎቹ እጅና እግር ይንቀጠቀጥ፣ ዓይናቸውና ጆሯቸው ይደክም ጀመር፤ ብዙዎችም ሞቱ። ጉዳቱ በማሕፀን ላሉ ሕፃናት እንኳ ተረፈ። በሽታው በይፋ የታወቀው በ1956 ሲሆን፣ መንግሥት መንሥኤው የፋብሪካው ፍሳሽ መሆኑን ያመነው ግን ከ12 ዓመት በኋላ ነው።

በ1971 አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ዩጂን ስሚዝና ባለቤቱ አይሊን ወደ ሚናማታ ሄደው ሦስት ዓመት ያህል ከነዋሪዎቹ ጋር ኖሩ። የመርዙንም መልክ የፈለጉት በውሃው ላይ ሳይሆን በሰዎቹ አካልና ኑሮ ላይ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ሥዕል፣ አንዲት እናት ከማሕፀን ጀምሮ በመርዙ የተጎዳች ልጇን በመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አቅፋ ያሳያል። ተመልካቹ በአንድ ጊዜ የመርዙን ክፋትና የእናትን ፍቅር ያያል። ስሚዝ በ1972 በኩባንያው ሠራተኞች ተደብድቦ ክፉኛ ተጎዳ፤ ሥራውን ግን አላቋረጠም። በ1973 ፍርድ ቤት ኩባንያው ካሣ እንዲከፍል ወሰነ። ፍርዱን ያስገኘው የተጎጂዎቹ የራሳቸው ትግል ነው፤ ፎቶግራፎቹ ደግሞ በደላቸውን ለዓለም አሳወቁ።

ልጅቱ በ1977 ሞተች። ወላጆችዋም ከዚያ በኋላ ልጃቸው እንድታርፍላቸው ተመኙ። ስለዚህ አይሊን ስሚዝ በ1998 በዚያ ፎቶግራፍ ላይ የመወሰኑን መብት ለእነርሱ ሰጠች።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ ዘጋቢ ፎቶግራፍ አንሺ ሁለት ግዴታ አለበት። አንደኛው የተሰወረውን በደል መግለጥ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የተነሣውን ሰው ክብር መጠበቅ ነው። የሌላውን ሥቃይ ለሕዝብ ማሳየት የሚያስፈልግበት ጊዜ ቢኖርም፣ ገመናው የባለቤቱ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።