ውርርድ ያተርፋል ወይስ ያከስራል? በመዝገብ የሚለካበት መንገድ

በወላይታ ሶዶም ሆነ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ተበላ፣ በእጅ ስልክ ገንዘብ ማስያዝ ለብዙ ወጣቶች የዘወትር ጉዳይ ሆኗል። አንዱ በእግር ኳስ ውጤት ላይ ይወራረዳል፤ ሌላው በኢንተርኔት የሚካሄዱ አነስተኛ የፖከር ውድድሮችን ይሞክራል። ሁለቱም ስለ ትርፍ ሲጠየቁ ብዙውን ጊዜ የሚያነሱት የበሉበትን ቀን ነው። የተበሉባቸው በርካታ ቀናት እያንዳንዳቸው አነስተኛ ገንዘብ ስለሚወስዱ ቶሎ ይረሳሉ። ገንዘቡ ግን ለዘር፣ ለማዳበሪያ ወይም ለቤት ወጪ ሊውል ይችል የነበረ ነው። ስለዚህ ሂሳቡ በትዝታ ሳይሆን በደብተር ሊታይ ይገባዋል።

ሙሉ ወጪን መመዝገብ

በአንድ የፖከር ውድድር ተጫዋቾች እኩል መግቢያ ይከፍላሉ፤ የተሰበሰበው ገንዘብም እስከ መጨረሻው ለቆዩት ጥቂት ሰዎች ይከፋፈላል። አዘጋጁ ከመግቢያው ላይ የራሱን ድርሻ ያስቀራል። ለምሳሌ መግቢያው 110 ብር ቢሆንና 100 ብሩ ወደ ሽልማት ቢገባ፣ 10 ብሩ የአዘጋጁ ነው። በደብተሩ ላይ መስፈር ያለበት ሙሉው 110 ብር ነው።

የትርፋማነት ስሌቱ ቀላል ነው። ከተገኘው ሽልማት ሁሉ የወጣውን ወጪ ሁሉ መቀነስ፣ ውጤቱን ለወጪው ማካፈል፣ ከዚያም በ100 ማባዛት ነው። አንድ ሰው 50 ጊዜ በ110 ብር ተወዳድሯል እንበል። ወጪው 5,500 ብር ይሆናል። በ7 ውድድሮች ሽልማት አግኝቶ በድምሩ 6,050 ብር ቢቀበል፣ ትርፉ 550 ብር ወይም 10 በመቶ ነው።

ይሁን እንጂ ከ7ቱ ሽልማቶች አንዱ ብቻውን 2,400 ብር ከሆነስ? ያች አንዲት ምሽት ባትኖር ኖሮ ሰውዬው 1,850 ብር ከስሮ ነበር። ይህ ሂሳብ አትራፊነቱን ሳይሆን አንድ ቀን እንደቀናው ብቻ የሚያሳይ ሊሆን ይችላል።

ስንት ውድድር ይበቃል?

በእንዲህ ዓይነት ውድድር ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይወጣል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ብዙ ያገኛል። በዚህ የተነሳ ውጤቱ በእጅጉ ይዋዥቃል። የአንድ ውድድር መዋዠቅ የመግቢያውን ሁለት እጥፍ ያህል ነው ብንል፣ ከ100 ውድድር በኋላ ዕድል ብቻውን የትርፍ መቶኛውን በ20 ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ማድረጉ የተለመደ ነው። ከ400 ውድድር በኋላ ይህ ወደ 10፣ ከ1,600 በኋላ ወደ 5 ይወርዳል። መዋዠቁን በግማሽ ለመቀነስ የውድድሩን ቁጥር አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ በ50 ውድድር የታየ የ10 በመቶ ትርፍ ችሎታ ይሁን ዕድል ለመለየት አያስችልም።

የአዘጋጁ ድርሻ

ተጫዋቾቹ ሁሉ እኩል ችሎታ ቢኖራቸው፣ እያንዳንዱ በአማካይ ከ110 ብሩ 10 ብር፣ ማለትም 9 በመቶ ያህል ይከስራል። ለማትረፍ ከተፎካካሪዎች መብለጥ ብቻ ሳይሆን ከአዘጋጁ ድርሻ በላይ መብለጥ ያሻል።

በእግር ኳስ ውርርድ ድርሻው በኦዱ ውስጥ ተሸሽጓል። ለአንድ ጨዋታ ባለሜዳው ቢያሸንፍ 2.20፣ አቻ ቢወጡ 3.20፣ እንግዳው ቢያሸንፍ 3.10 ተሰጥቷል እንበል። የትኛውም ውጤት ቢመጣ 100 ብር ለመቀበል በቅደም ተከተል 45.45፣ 31.25 እና 32.26 ብር ማስያዝ ያስፈልጋል። ድምሩ 109 ብር ገደማ ነው። 109 ከፍሎ 100 መቀበል ማለት ነው። አምስት እንዲህ ያሉ ጨዋታዎች በአንድ ቲኬት ሲያያዙ ቅናሹ በቅናሽ ላይ ይባዛል፤ ከተያዘው 100 ብር በአማካይ የሚመለሰው 65 ብር ያህል ብቻ ይሆናል። ብዙ ጨዋታ የተያያዘበት ቲኬት ትልቅ ገንዘብ የሚያሳይ ቢሆንም ለተወራራጁ ከሁሉም የባሰው ነው።

ግብርም አለ። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ በሚካሄድ የዕድል ጨዋታ ከ1,000 ብር በላይ በሆነ አሸናፊነት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል። በጨዋታው የደረሰ ኪሳራም ተቀናሽ እንደማይደረግ ደንግጓል። ይህ ከላይ ባለው ምሳሌ ላይ ቢሠራ፣ ከ2,400 ብሩ 360 ብር ይነሳል፤ የ550 ብሩ ትርፍም ወደ 190 ብር ይወርዳል።

ወደ ከፍተኛ መግቢያ መሸጋገር

ጥቂት የቀናው ሰው የሚቸኩለው ወደ ከፍተኛ መግቢያ ለመሸጋገር ነው። ከ110 ብር ወደ 550 ብር ሲወጣ ግን የሚጠብቁት ተፎካካሪዎች የበረቱ ናቸው። 10 በመቶ የነበረው ትርፉ ወደ 2 በመቶ ቢወርድ፣ በአንድ ውድድር የሚያገኘው አማካይ ትርፍ ያው 11 ብር ነው፤ የሚያጣው ገንዘብ መጠን ግን አምስት እጥፍ ያድጋል። ትርፉ 1 በመቶ ከሆነ ደግሞ ገቢው ከቀድሞው በግማሽ ያንሳል። በዚህ ላይ ለአንድ ውድድር የሚጠፋው ሰዓት ሲታሰብ፣ 11 ብር ከአንድ ቀን የጉልበት ሥራ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጥንቁቅ ተጫዋቾች ለጨዋታ ብቻ የተለየ፣ ቢያንስ 100 መግቢያ የሚሸፍን ገንዘብ ሳይኖራቸው አይሸጋገሩም። ለ110 ብር 11,000፣ ለ550 ብር ደግሞ 55,000 ብር መሆኑ ነው። ገንዘቡ ሲመናመን ወደ ታች ይመለሳሉ፤ ተበድረው አይቀጥሉም።

ከብት የሚያደልብ አርሶ አደር ይህን አካሄድ ያውቀዋል። ለመስቀልና ለጊፋታ ገበያ የሸጠው አንድ ሰንጋ ስለቀናው ብቻ ተበድሮ አምስት አይገዛም። የመግዣውን፣ የመኖውን፣ የመድኃኒቱንና የድካሙን ዋጋ አስልቶ፣ በሌላ ወቅት የሸጠውንም አይቶ ሁለተኛውን ይጨምራል። ልዩነቱ በሬው መኖ ሲበላ ሥጋ የሚጨምር መሆኑ ነው። በውርርድ ግን አዲስ ሀብት አይፈጠርም፤ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ በዞረ ቁጥርም የአዘጋጁን ድርሻ ያህል ይቀንሳል።

የታሪክ ምሳሌዎችም በጥንቃቄ ሊታዩ ይገባል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ አሜሪካዊ የሂሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት በተደረገ አነስተኛ ማጣሪያ አልፎ የዓለም ፖከር ሻምፒዮና ዋና ውድድርን በማሸነፍ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸልሟል። ዜናው በዓለም ተሰማ። በዚያው ውድድር የተሳተፉት ግን 839 ነበሩ፤ አብዛኞቹም ያለ ሽልማት ተመልሰዋል።

ልኬቱን ለመጀመር የሚያስፈልገው አንድ ደብተር ነው። ቀኑ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ የተመለሰውና የፈጀው ሰዓት በየመስመሩ ይስፈር፤ በወር መጨረሻ ይደመር። በቤተሰብ ውስጥ ገንዘብ የሚወጣ ከሆነም ደብተሩን ባለቤትም ሆነ ወላጅ ማየት አለበት። ድምሩ ከወር ወር ኪሳራ ካሳየ፣ የጠፋውን ለመመለስ መግቢያውን ከፍ ማድረግ ኪሳራውን ያፋጥነዋል እንጂ አያቆመውም። የዘርና የማዳበሪያ ገንዘብ ደግሞ መጀመሪያውኑ ከዚህ ደብተር ውጭ መቀመጥ ያለበት ነው።